ፍልሰታ በኦሊምቦስ፦ የካርፓቶስ ደሴት የጉዞ ማስታወሻ

የግሪክ ደሴት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሳንቶሪኒን ወይ ሚኮኖስን ነው። ካርፓቶስን የሚጠራ ሐበሻ አላጋጠመኝም። እኔም የሰማሁት ከጓደኛዬ ነው። እሷ አቴንስ ውስጥ ኪፕሴሊ ሠፈር ትኖራለች፤ ሥራዋ የአቴንስ ወደብ በሆነው ፒሬየስ ያሉ አንዲት ባልቴት መጦር ነው። ባልቴቷ ትውልዳቸው ከካርፓቶስ ሰሜን፣ ኦሊምቦስ ከምትባል የተራራ መንደር ነው። ስለ አገራቸው ሲያወሩ ነጋ ጠባ የማይሰለቻቸው አንድ ነገር ቢኖር የነሐሴው የእመቤታችን በዓል ነው። «እሱን ሳታዪ እንዳትሞቺ» እያሉ ጓደኛዬን ወጥረው ያዟት፤ እሷ ደግሞ እኔን ሽቱትጋርት ድረስ እየደወለች ወጠረችኝ።

ችግሩ ቀኑ ነው። እነሱ የሚያከብሩት በፈረንጅ ኦገስት 15 ነው። ይሄ በእኛ ነሐሴ 9፣ ገና የፍልሰታ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ሁዳዴን የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር፣ የሚጾማት ናት። ሥጋ በገፍ የሚበላበት ድግስ ላይ ሁለት ጿሚ ሆነን ልንገኝ ነው ማለት ነው። «ከሄድን በኋላ እናስብበታለን» አለችኝ። ሄድን፤ 2016 ዓ.ም. ነሐሴ።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ፦ ከአቴንስ ወደ ፒጋዲያ

ከፒሬየስ መርከብ አለ፤ ግን በየደሴቱ እየቆመ ስለሚሄድ ሌሊቱን አልፎ የማግስቱንም ቀን ይበላል። ስለዚህ በአውሮፕላን ሄድን። መሄጃው ብቻ ለአንድ ሰው 130 ዩሮ ገደማ ወሰደብን። በበዓል ሰሞን ግሪክ ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚጎርፍ ቦታ መገኘቱም ተመስገን ነው።

ካርፓቶስ በቀርጤስና በሮድስ መካከል ያለች ረጅምና ቀጭን ደሴት ናት። ደቡቧ ሜዳ ቢጤ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ ተራራው ይነሳል፤ ትልቁ ካሊ ሊምኒ 1215 ሜትር ይደርሳል። አውሮፕላን ማረፊያው ደቡቡ ጫፍ ላይ ነው፣ ነፋሱም እዚያው ነው። ከመላው አውሮፓ ሸራቸውን ይዘው በባሕር ላይ ለመንሸራተት የሚመጡት ይህንን ነፋስ ብለው ነው። የእኛ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ግን እንደ እነሱ አልተደሰተበትም። ሊያርፍ ሲል ክንፉ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሦስቴ አማተቡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጎማው መሬት ሲነካ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ዋና ከተማዋ ፒጋዲያ ወደብ ናት፤ የቱሪስት ሬስቶራንት፣ የሚከራይ መኪና፣ አይስክሬም። ክፍል በ65 ዩሮ ያዝን። ማታ ወደቡ ዳር ተቀምጠን ጓደኛዬ አስተናጋጁን «ኒስቲሲሞ» አለችው፤ የጾም ምግብ ማለቷ ነው። ልጁ «እንዴታ! እኛም ጾም ላይ ነን» ብሎ ደስ እያለው ሄደና አንድ ሙሉ የኦክቶፐስ እግር ፍም ላይ ጠብሶ ይዞልን መጣ። ለእነሱ ደም የሌለው የባሕር ፍጥረት፣ ኦክቶፐስም ሽሪምፕም፣ ጾም ነው። የኦክቶፐሱን እግር ከነጉብጉቡ ሳየው እንኳን በጾም በፍስክም የምደፍረው አልመሰለኝም። በስተመጨረሻ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም የተሠራ፣ የተቀቀለ ቅጠል በሎሚና በወይራ ዘይት፣ ዳቦ በላን። ለሁለታችን 27 ዩሮ። ለጾም ምግብ ውድ ነው፤ ግን ባቄላው ቀስ ብሎ ምድጃ ውስጥ የበሰለ መሆኑ ያስታውቃል።

በባሕር ዳርቻው ወደ ሰሜን የምትሄደውን ጀልባ ትኬት ቆረጥን። ሻጩ ገንዘቡን እየተቀበለ «ነፋሱ ከፈቀደ ነው» አለን።

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ፦ ወደ ኦሊምቦስ

ነፋሱ አልፈቀደም። በበጋ ከሰሜን የሚነፍሰው ሜልቴሚ ሌሊቱን ተነስቶ ወደቡ ውስጥ ያሉትን ጀልባዎች እርስ በርስ ሲያጋጫቸው አደረ። ሰውየው ያለምንም ክርክር ገንዘባችንን መለሰልን፤ ለምዶታል።

መኪና ተከራየን፤ ለአምስት ቀን 240 ዩሮ። አከራዩ ወረቀት ከማስፈረሙ በፊት በር አከፋፈት አስተማረን። ስታቆሙ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርጉ፣ በሩን በአንድ እጅ አትክፈቱ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ በሁለት በኩል እንዳይወርድ፤ ነፋስ የገነጠለውን በር ኢንሹራንስ አይከፍልም። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ከቆሙት መኪኖች የሁለቱ በር ማጠፊያው ተጣሞ አየሁና ዝም አልኩ።

ከፒጋዲያ ወጥተን መጀመሪያ ያለፍንባት አፔሪ የተባለች መንደር፣ ባለ ዓምድና ባለ ብረት አጥር ትልልቅ ቤቶች የሞሉባት ናት። አሜሪካ ከርመው የመጡ ሰዎች የሠሩት ነው አለችኝ፣ ከባልቴቷ የሰማችውን። ስፖአ ከምትባለው መንደር በኋላ መንገዱ ተራራው ጀርባ ላይ ይወጣና እዚያው ላይ ይቀራል፤ በግራም በቀኝም ከሩቅ ባሕር ይታያል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ኮረኮንች ነበር፤ አሁን አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ድንጋይ እያንከባለሉ የሚያወርዱት ፍየሎች ብቻ ናቸው። ጥዶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጣመው ነው ያደጉት።

አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ፎቶ ለማንሳት ቆምን። በሩን እንደተማርነው በሁለት እጃችን ይዘን፣ በየተራ ወረድን። በሩ ተረፈ፤ አንገቴ ላይ ጣል ያደረግኳት ነጠላ ግን እንደ ጭልፊት ተነሥታ ሄደች። ከመንገዱ በታች አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ አረፈች። ጓደኛዬ መኪናውን እየጠበቀች ስትስቅ፣ እኔ ቁልቁል ወርጄ እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀልኩ አወጣኋት። ጥለቱ ላይ ሁለት ቦታ ክሩ ተስቦ ተቋጥሯል። ለቤተ ክርስቲያን ብዬ የያዝኳት አንዷ ነጠላዬ እሷ ነበረች።

ኦሊምቦስ ከአንድ መታጠፊያ በኋላ ድንገት ፊት ለፊት ትመጣለች። ሁለት ተራራ የሚያያይዘው ኮርቻ ላይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡ ቤቶች አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተደራርበዋል። ጫፉ ላይ የነፋስ ወፍጮዎች ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነፋሱ አዙረው ተደርድረዋል። የጥንት ሰዎቿ ባሕር ዳር ይኖሩ ነበር፤ ብሩኩንዳ የምትባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አሁንም ከመንደሩ በስተሰሜን ባሕሩ ጫፍ ላይ አለ። የባሕር ወንበዴ መከራቸውን ሲያበላቸው ነው ሽቅብ ሸሽተው፣ ከመርከብ ላይ የማይታይ ቦታ የመረጡት።

መኪና መንደሩ ውስጥ አይገባም። መግቢያው ላይ አቁመን ሻንጣችንን ደረጃ ለደረጃ እየጎተትን፣ ከሁለት ወር በፊት የያዝነው ክፍል ደረስን። ባለቤቱ በሩ ላይ ጠበቀን። የእህቱ ልጅ ከነቤተሰቡ ከባልቲሞር መጥቷል፤ ክፍሉ የለም፤ ገንዘባችንን ይመልሳል። ይኼው ነው። ለሰውየው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሥጋው ከአሜሪካ ሲመጣ እንግዳ ምን ቦታ አለው? ጓደኛዬ አሥራ ምናምን ዓመት የለመደችውን ግሪክኛ ሁሉ አወጣችው። ጎረቤት በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ። እኔ ቋንቋው ባይገባኝም ድምፁ ገብቶኛል። እንኳን ኦሊምቦስ፣ የመንደሩ ወደብ ዲያፋኒ ድረስ አንድም አልጋ እንደሌለ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ተረጋገጠ። ባልቲሞርና ፒሬየስ ያለው የመንደሩ ተወላጅ ሁሉ ለበዓሉ መጥቷል።

ከዚያ ፒሬየስ ደወለች። ባልቴቷ ስልኩ ውስጥ ሲጮኹ እኔም ሰማኋቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ሴትዮ መጡ፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ባለ ጥልፍ ሽርጥ፣ አበባ ያለበት ሻሽ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የቆዳ ቦት። ለቱሪስት የተለበሰ መሰለኝ፤ ኋላ ላይ እንዳየሁት ዶሮ ሲመግቡም እንደዚያው ናቸው። የባልቴቷ የአክስት ልጅ ናቸው። ክፍሉን የከለከለንን ሰውዬ አንዲት ነገር ብለውት (ጓደኛዬ ልትተረጉምልኝ አልፈቀደችም) ትልቁን ሻንጣ ነጥቀው ወደፊት ሄዱ። ጓደኛዬ «ኪሪያ» (ወይዘሮ) ትላቸዋለች፤ እኔ ከመጀመሪያው ቀን «እማማ» አልኳቸው፣ እሳቸውም አቤት አሉኝ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉን ከእንጨት የተሠራ፣ በመሰላል የሚወጡበት ከፍ ያለ መደብ ይዞታል፤ መኝታ እሱ ላይ ነው። ከመደቡ በታች እህልና ዘይት ይቀመጣል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳህን ነው፤ በመርከብ የሠሩ ወንዶች ከያገሩ ያመጡት፤ በሳህኖቹ መካከል የሙሽራ ፎቶ፣ የወታደር ፎቶ፣ የእመቤታችን ሥዕል። የኪራይ ዋጋ ስናነሳ አልሰማም ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ። በኋላ ጓደኛዬ በምልጃ ለአንድ ሌሊት 40 ዩሮ አስቀበለቻቸው።

ማታ ባቄላና ወይራ አቀረቡልንና «እንግዲህ ሁለት ቀን ነው የቀረን፤ ሐሙስ ሥጋ አለ» አሉ። ጓደኛዬ እኛ ገና ከሳምንት በላይ እንደሚቀረን ነገረቻቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። መጀመሪያ የገባቸው፣ ጾሙን ሳንጀምር ዘግይተን ስለቀረን የምናካክስ ነው። እኛ ዘንድ እመቤታችን ያረፈችው በጥር 21 ነው፤ ሐዋርያት ሥጋዋን ለማግኘት በነሐሴ ሁለት ሱባዔ ጾመው ነሐሴ 14 ቀበሯት፣ በ16 ተነሥታ ዐረገች፤ ስለዚህ እስከዚያ አንፈታም። ይሄን ሁሉ ጓደኛዬ በግሪክኛ አስረዳች። ዝም ብለው ሰሙና «ታዲያ ሐሙስ ምን ልትበሉ ነው?» አሉ። ያንን ሌሊት ቀና ባልኩ ቁጥር በመብራቱ ሥር ተቀምጠው የነጠላዬን ጥለት በመርፌ ጫፍ ሲያፍታቱ አያቸው ነበር።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ፦ ዋዜማ

ኦሊምቦስ ሁለት መንደር ናት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ከፒጋዲያ የመጣ ቱሪስት (ነፋሱ ስለበረደ ጀልባዋ ዛሬ ሄዳለች) በጠባቧ መንገድ እየተጋፋ ያልፋል፤ በየበሩ ሻሽ፣ ማር፣ ሳሙና፣ ቅመም የሚሸጡ ሴቶች «ና፣ ግባ» ይላሉ። ሻሾቹን ገልበጥ አድርጌ ሳይ አንዳንዶቹ የቻይና ናቸው። አሥር ሰዓት ላይ ሕዝቡ ወደ ጀልባው ይወርድና መንደሯ ወንበር አውጥታ በራፍ ላይ ትቀመጣለች። ቀን ላይ ብቻ አይቷት የሚመለስ ሰው ገበያ አየሁ ብሎ ቢያማ አልፈርድበትም።

ቦቱን የሚሠራ ጫማ ሰፊ ጋ ገባን። ከፍየል ቆዳ የሚሠራ ለስላሳ ነው፤ ሴቶቹ ማሳ ሲውሉ ለእሾህና ለእባብ ይበጃቸዋል። ዋጋው ከ300 ዩሮ በላይ መሆኑን ሰምቼ በእጄ ዳስሼ መለስኩለት። ቡና ግን 2 ዩሮ ነው፤ አቴንስ አክሮፖሊሱ ሥር የዚህን እጥፍ ከፍያለሁ።

ቤት ስንመለስ እማማ ለሐሙስ መላ አግኝተዋል። ማካሩነስ የሚባል የአካባቢው ፓስታ አለ፤ ሁሌ የሚቀርበው አይብ ተነስንሶበት ነው፤ ለእኛ ያለ አይብ ሊሠሩልን። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፤ እንቁላል የለም። ሊጡን እንደ ገመድ ያድቦለቡሉትና የጣት አንጓ በምታህል ይቆርጡታል። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን ገጥመው ቁራጩ ላይ ያሳርፉና ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉታል፤ ቁራጩ ተጠቅልሎ፣ ሆዱ ጎድጉዶ፣ የሦስት ጣት አሻራ ይዞ ይወጣል። በአንድ ትንፋሽ አሥር ይሠራሉ። የእኔዎቹ ወይ ይቀደዳሉ ወይ ጣቴ ላይ ይለጠፋሉ። እማማ አንዷን አንስተው ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩና ለዶሮዎቹ ወደ ተለየው ሰሃን ወረወሯት። እስኪጨልም ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረነው አደረ።

እየሠራን ስለ ውርስ አወሩን። እዚህ የእናት ንብረት ሁሉ፣ ቤቱም ማሳውም ጌጡም፣ ለበኩር ሴት ልጅ ነው የሚሄደው፤ የአባት ደግሞ ለበኩር ወንድ። ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን አጣምረው ይወጣሉ። ቤቱ ያለው የሴቷ ነውና ባል ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው። እማማ በኩር ናቸው፤ ይህ ቤት የእናታቸው፣ ከዚያ በፊት የአያታቸው ነበር። ታናናሾቻቸውስ? በጣታቸው ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳዩን፤ ባልቲሞር፣ ባልቲሞር፣ ፒሬየስ፣ ሮድስ። የመንደሩን ሰው ያሰደደው ድርቁ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ጓደኛዬ ሦስተኛ ልጅ ናት፤ «እኔም እኮ ባልቲሞር ነኝ ማለት ነው» አለች።

ማምሻውን ከየአጥቢያው ምድጃ ጭስ ተነሳ። ምድጃዎቹ ደጅ ናቸው፣ ኖራ የተቀቡ፣ ለሦስት ለአራት ቤት የጋራ። በደረቅ ቁጥቋጦ አግለው፣ ፍሙን ጠርገው፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ዳቦ በረጅም የእንጨት አካፋ ያስገባሉ። ለዋዜማው ጸሎት አምስት ትልልቅ ኅብስት ቀርቦ ተባረከና ተቆርሶ ለሕዝቡ ታደለ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እኔና ጓደኛዬ ሁለታችንም ቆም አልን፤ እግራችን ራሱ ጫማውን ሊያወልቅ ቃጥቶት ነበር። እነሱ ከነጫማቸው ነው የሚገቡት።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ፦ በዓሉ

ቅዳሴው ገና ሳይነጋ ይጀምራል። እማማ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሰቀሱን። የመንደሩ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ ግድግዳዋ ሥዕል፣ ፊት ለፊቱ በወርቅ ቀለም የተለበጠ ጥርብ እንጨት፤ ሰው ከውስጥ ሞልቶ ግቢውንና ደረጃውን ይዟል። ነጠላዬን እንደ ሥርዓቱ አጣፍቼ ለብሻለሁ። ከኋላዬ ያሉ ሴቶች ጫፏን እየዳሰሱ ጥለቱን ይመረምሩ ጀመር። እነሱ ጥልፍ ያውቃሉ። አንዷ በጣቷ የተቋጠረበትን ቦታ አገኘችና እማማን ዞር ብላ አየቻቸው፤ እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእጃቸውን ሥራ ጎረቤት አውቆታል።

ሕዝቡ ሲቆርብ እኛ ባለንበት ቀረን። ኦርቶዶክስ ኦርቶዶክስ ብንባባልም ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አንገናኝም። ቄሱ ግን በመጨረሻ ለሁሉም የሚያድሉትን የተባረከ ዳቦ ለእኛም ሰጡን።

ልጃገረዶቹ የለበሱት ሌላ ዓለም ነው። ደማቅ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ፣ ደረታቸው ላይ ደግሞ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ የወርቅ ሳንቲም። ብዙ ሳንቲም የደረደረችው በኩሯ ናት፤ ሰው ሳይጠይቅ ያውቃል። አንዷ ከጓደኛዋ ጋር በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስለ ስልኳ ባትሪ ስታማርር ሰማኋት።

ከዚያ ድግሱ። ወንዶች ናቸው የሚያበስሉት፣ ሰው ሊታጠብበት በሚችል ትልልቅ ድስት፤ ሥጋ ከድንች ጋር። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ማንም ይቀመጣል፣ ማንም አይከፍልም። ሽታውን ልዋሽ አልችልም፤ ከሳምንት በላይ ለጾመ ሰው ፈተና ነው። ሳህን የያዘው ጎልማሳ እኛ ጋ ሲደርስ ጓደኛዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አመሰግናለሁ፣ እንጾማለን» አለች። ቆመ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ዛሬ? በእመቤታችን ቀን?» በበዓል ቀን መጾም እነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ እኛም ዘንድ እንዲያው ነው፤ እኛ ግን በዓሉ አልደረሰልንም። ማብራሪያው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ፣ እየተጣመመ ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጠረጴዛውን መታ አድርገው ፈረዱ፦ «ገባኝ! የድሮው ካላንደር ሰዎች ናቸው!»

ግሪክ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን አዲስ ካላንደር አንቀበልም ብለው የቀሩ አሉ፤ እነሱ ይህን በዓል የሚያከብሩት በኦገስት 28 ነው። ጓደኛዬ «በ28 አይደለም፣ በ22 ነው» ብላ ልታርም ሞከረች። ሰሚ የለም፤ መንደሩ ስም አግኝቶልናል። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስናልፍ «እነዚያ የድሮ ካላንደሮቹ» ነበርን። እማማ መሃል ላይ ደርሰው በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን አስቀመጡልን። ማካሩነሱ በወይራ ዘይት እስኪጠቁር የተቁላላ ሽንኩርት ለብሷል። ሽንኩርቱን ሳሸተው ልቤ አገሬ ደርሶ ተመለሰ። ሽማግሌው በሹካቸው ከእኛ ሳህን ቀምሰው «አይብ የለውም» ብለው አዘኑልን፤ ደግመው ግን ቀመሱ።

ጭፈራው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌሊቱን አለፈ። ሦስት መሣሪያ ነው። አንደኛው ጉልበት ላይ ቆሞ በቀስት የሚመታ ባለ ሦስት አውታር ሊራ ነው፤ ቀስቱ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ታስረው እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያቃጭላሉ። ሁለተኛው ላውቶ የሚባል ባለ አውታር መሣሪያ ነው፤ ሦስተኛው ከፍየል ቆዳ የሚሠራ፣ በአፍ እየተነፋ የሚጮኽ ጻምቡና። መጀመሪያ ወንዶቹ ተቀምጠው በየተራ ግጥም ያወርዳሉ፤ ማንቲናዳ ይሉታል፣ እያንዳንዱ ስንኝ አሥራ አምስት ቀለም፣ ሁለቱ ቤት የሚመቱ፣ እዚያው የሚፈጠር። የሌለ ሰው ይነሳል፣ ዘንድሮ የሞተ፣ ከአሜሪካ ሳይመጣ የቀረ፤ አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ስለ ወንድሙ ገጠመና መጨረስ አቅቶት አለቀሰ፤ ሌላው ቤቱን መታለት። በእኛ አገር አዝማሪ ገጣሚ ነው፣ ሌላው ተቀባይ፤ እዚህ ሁሉም አዝማሪ ነው። ለእኛም አንድ ተገጠመልን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ተረጎመችልኝ፦ ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት ወፎች ሥጋችንን ንቀው፣ ይላል። ሁለተኛው ስንኝ እስከ ዛሬ ዕዳዋ ነው።

ዳንሱ ቀርፋፋ ነው፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ግማሽ ክብ ሠርተው፣ እግራቸው ከመሬት የሚነሳ አይመስልም። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም የሚፈጠር ነገር የለም ብዬ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ግን እኔም መሃል ገብቼ ተያይዤ ነበር፤ የቀኝ ክንዴን የያዘችው ባለ ወርቅ ሳንቲሟ ልጅ ናት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ደረቷ ይንሿሿል።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ፦ ዲያፋኒ

መንደሩ እስከ ቀትር ተኛ። እኛ ወደ ወደቡ ዲያፋኒ ወረድን፤ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። ባሕሩ ንጹህ፣ ጠጠሩ እግር ያቃጥላል። የቀኑ ቁም ነገር ዋናው ሳይሆን ቡና ቤት ውስጥ ያገኘናቸው ሽማግሌ ናቸው። ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ሲሰሙ «እናንተም ጣልያን ነበረባችሁ!» አሉ፤ እንደ ዘመድ። ጣልያን እነዚህን ደሴቶች በፈረንጅ 1912 ይዞ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልለቀቀም። አዲስ አበባ በገባበት በ1936 ደግሞ እዚህ ዴ ቬኪ የሚባል አገረ ገዥ ላከ፤ እሱም ግሪክኛን ከትምህርት ቤት አስወጣ። የሽማግሌው አባት በጣልያንኛ ተገደው ነበር የተማሩት። «አምስት ዓመት ነው የቆየው እኛ ጋ» ስንላቸው ጣታቸውን ቆጠሩና «እድለኞች» አሉ። በ1944 የጀርመን ጦር ለቆ ሲወጣ የካርፓቶስ ሰዎች ራሳቸው ተነሥተው ደሴቲቱን ነፃ አወጡ፤ ሰባት ሰው በትንሽ ጀልባ እስክንድርያ ድረስ ተሻግሮ ለእንግሊዞች ወሬውን አደረሰ። ሽማግሌው ይህን ሲተርኩ ቡናችንን ከፍለው ነበር፤ እኛ ያወቅነው ስንነሳ ነው።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ፦ መመለስ

እማማ አንድ ኪሎ የሚሆን የደረቀ ማካሩነስና አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት አሸከሙን። ዘይቱ አውሮፕላን ላይ በእጅ እንደማይገባ ብንነግራቸው «ሻንጣ ውስጥ ክተቱት» ብለው በሦስት ሻሽ ጠቀለሉት። ከሻሾቹ አንዱ የቻይና ነው።

አከራዩ መኪናውን ሲረከብ ጎማም፣ ነዳጅም፣ ጭረትም አላየም። አራቱንም በር ከፍቶ ዘግቶ፣ ማጠፊያቸውን በእጁ ዳብሶ፣ ያስያዝነውን ገንዘብ መለሰ። አውሮፕላኑ በነፋስ ምክንያት ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየ። ሁለታችን ከአቴንስ ወጥተን እስክንመለስ ከትኬት ሌላ 650 ዩሮ ገደማ አውጥተናል፤ ከዚህ ውስጥ በኦሊምቦስ ለምግብ የወጣው 30 ዩሮ አይሞላም።

ጾሙን ፈታን፤ እኔ ሽቱትጋርት፣ እሷ አቴንስ። በማግስቱ ጓደኛዬ እማማ ጋ ደወለችና እኔንም በስልኩ አስገባችኝ። ከሰላምታ በፊት «ሥጋ በላችሁ?» አሉ። በላን። ከዚያ የመንደሩን ወሬ ነገሩን፦ የባልቲሞሮቹ ሄደዋል፣ ግማሹ ቤት ተዘግቷል፤ ክፍላችንን ለእህቱ ልጅ የሰጠው ሰውዬ አሁን በግማሽ ዋጋ የሚገባበት አጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ እሳቸውም በደጁ ባለፉ ቁጥር «የድሮ ካላንደሮቹ ይመጡልህ ነበር እኮ» ይሉታል።